አባቴን በሐር ሸማኔዎች ከተማ ስደብቅ

ከሕንድ ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ ስለ ቤተ መቅደሱና ስለ ዝሆኑ ይጠይቀኛል። ዝሆን አላየሁም። ቤተ መቅደሱንም ያየሁት በር ላይ ቆሜ ነው፤ ምክንያቱን እደርስበታለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ዓይኔ የነበረው አባቴ እግር ላይ ነው። ስለዚህ እዚያ ሄዳችሁ ከማታውቁት ከእናንተ ብዙም አልበልጥም፤ የሆነውን ግን ከመነሻው ልንገራችሁ።

ነገሩን የጀመረችው ቫሳንታ ናት። ሚኒሶታ፣ ፍሪድሊ በምትባል ከተማ ባለ ፋብሪካ ጎን ለጎን ተቀምጠን ለልብ ሕክምና የሚሆን ቀጭን ቱቦ በማይክሮስኮፕ እያየን እንገጣጥማለን። የትውልድ ከተማዋ ካንቺፑራም ይባላል፤ ደቡብ ሕንድ ውስጥ ነው። "ግማሹ ሰው ይጸልያል፣ ግማሹ ሐር ይሸምናል" ትላለች። አንድ ቀን ከዚያ የመጣ የሐር ሻሽ ሰጠችኝና አንገቴ ላይ ጣል አድርጌው እትዬ አስካለ ቤት ሄድኩ። ምነው ባልሄድኩ።

እትዬ አስካለ ፍሮግታውን የሚባል ሰፈር ውስጥ የባልትና ሱቅ አላቸው። ልጃቸው ልጄን ሊድያን ሊያገባ ነው። አያታቸው ፊታውራሪ ነበሩ፤ ይህን ለማወቅ ከሱቃቸው ግማሽ ኪሎ ሽሮ መግዛት ይበቃል። ሻሹን በሁለት ጣታቸው አሸት አሸት አደረጉና "የሠርጉን ካባ ጨርቅ ከምንጩ ነው የማመጣው፤ አንቺም አብረሽኝ ትሄጃለሽ" አሉኝ። ቫሳንታም ወንድሟ ሙሩጋን ቤት እንድናርፍ ጨረሰችልን። እኔ ከሥራ ኦፍ ወሰድኩ። አባቴ ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሜፕልዉድ አፓርትመንት ውስጥ ብቻውን ትቼው የምሄድ ሰው አይደለሁም። እሱም "ሐር ሲሠራ ሳላይ አልሞትም" ብሎ ሻንጣውን ከእኔ ቀድሞ አዘጋጀ።

አሁን ምስጢሩ። አባቴ ሸማኔ ነው። ሽሮ ሜዳ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከትቶ አርባ ዓመት ነጠላና ጋቢ ሠርቷል። እኔ ሃያ ዓመት ሲሞላኝ ሊጠይቁኝ የመጡ ሽማግሌዎች "የአባቷ ሥራ?" አሉ፤ መልሱን ሰሙ፤ የቀረበላቸውን በሉ፤ በዚያው ቀሩ። ያን ቀን ጓዳ ተቀምጬ ያለቀስኩትን እናቴ ብቻ ታውቃለች። ሚኒሶታ ስመጣ ታዲያ አባቴን የጨርቅ ነጋዴ አደረግሁት። ሙሉ ውሸት አይደለም፤ የሠራውን ይሸጥ ነበር። ከገና በኋላ ደግሞ የእትዬ አስካለ ሽማግሌዎች ለሊድያ ቤቴ ይመጣሉ። እና እኔ ብልጧ፣ ሸማኔ አባቴንና የፊታውራሪ የልጅ ልጅን አንድ ላይ ይዤ፣ ቤቱ ሁሉ የሸማኔ ወደሆነበት ከተማ ሄድኩ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ተነሳን። ሊድያ ናት ኤርፖርት ድራይቭ ያደረገችን። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፣ በረዶው መንገድ ዳር ተቆልሏል። ሻንጣ ስናወርድ ልጄ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብላ "ማም፣ ጀስት ቴል ሀር" አለችኝ። ዝም ብለሽ ንገሪያት ማለቷ ነው። ሚኒሶታ የተወለደ ልጅ ሁሉም ነገር በመናገር የሚያልቅ ይመስለዋል። እኔ ግን አባቴን ከመኪናው ጀርባ ወስጄ አስማልኩት።

"ሸማኔ የሚባል ቃል ካፍህ እንዳይወጣ። የሽመና ዕቃም እንዳትነካ።"

"ልጄ፣ ዳቦ ቤት ወስደሽኝ አታሽትት ልትዪኝ ነው?"

"አሽትት። አትቅመስ።"

"እሺ" አለ። አባቴ በቀላሉ እሺ ካለ መጠርጠር ነበረብኝ።

አውሮፕላን ላይ ብርድ ልብስ ሲሰጡት ጠርዙን ይዞ ወደ መብራቱ አነሳና "ይሄማ ማጉ ልል ነው፤ የዓሣ መረብ ነው እንጂ ልብስ አይደለም" አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። እኔ ሳል ጀመርኩ። እትዬ አስካለ ከመስኮቱ በኩል ዘወር ብለው "የነጋዴ ዓይን" አሉ በአድናቆት። እስኪያርፍ ድረስ እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም።

ማክሰኞ ጠዋት ቼናይ ወረድን። የወጣነው ከፍሪዘር ነው፤ የገባነው የተከደነ ድስት ውስጥ። ካፖርታችንን በእጃችን ይዘን ስንንገዳገድ ሙሩጋን የአባቴን ስም በትልቁ ጽፎ ቆሞ አገኘነው። አጭር፣ ፈገግታው የማይጠፋ፣ በሃምሳዎቹ ውስጥ ያለ ሰው ነው፤ እንግሊዝኛውም ከእኔ አይከፋም። እስከ ካንቺፑራም ሁለት ሰዓት ያህል ሄድን። እኛ ዘንድ ሰው ክላክስ ከነካብህ ተጣልቷል ማለት ነው። እዚያ ግን መጣሁ፣ አለሁ፣ እንደምን አደርክ፣ ሁሉንም በክላክስ ነው የሚሉት። እትዬ አስካለ መንገዱን በሙሉ ውዳሴ ማርያም ደገሙ። አባቴ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ይስቃል።

የሙሩጋን ቤት ሁለት ክፍልና ሰፊ በረንዳ አለው። ሚስቱ ሴልቪ በር ላይ ጠብቃ እግራችንን የምንታጠብበት ውኃ ሰጠችን። ሥጋ የማይገባበት ቤት ነው። እኛ ደግሞ የነቢያት ጾም ላይ ነን። "እሰይ፣ ጾም ቤት ገባን" ብለን ደስ ብሎን ተቀመጥን። ሴልቪ የሙዝ ቅጠል ዘረጋች፣ በእንፋሎት የበሰለ እንደ ትንሽ ዳቦ ያለ ነገር አወጣች፤ ኢድሊ ይሉታል፣ እንደ እኛ እንጀራ የቦካ ነው። እጃችንን ልንሰድ ስንል ከላዩ የቀለጠና የሚያብረቀርቅ የነጠረ ቅቤ ጭልፋ ሙሉ አፈሰሰችበት። እርጎም አስከተለች። እትዬ አስካለ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

"ኮሌስትሮል ነው?" አለ ሙሩጋን ደንግጦ።

"ፋስቲንግ" አልኩት። ጾም ነን ለማለት ነው።

ባልና ሚስቱ ተያዩ፤ እጃቸውን አጋጥመው በአክብሮት ጎንበስ አሉ፤ ቅጠሉን ከነምግቡ ከፊታችን አነሱት። ለካ እነሱ ዘንድ ጾመኛ አይበላም። ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ሙዝ ሰጡን። አባቴ ሙዙን በእጁ እያገላበጠ "ለዚህ ነው እንዴ ሃያ ሰዓት የበረርኩት?" አለኝ።

ሙዙን እየላጥን ሳለ ሙሩጋን ስለ ቤተሰቡ አጫወተን። አባቱ ሸማኔ፣ አያቱ ሸማኔ፣ ከዚያ ወዲያ ያሉትንም ስማቸውን እየጠራ ቆጠረ፣ ልክ እትዬ አስካለ ፊታውራሪውን እንደሚያነሱት። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረና "እርስዎስ ጌታዬ፣ ምን ይሠሩ ነበር?" አለ።

"ምን አለ?" አለኝ አባቴ።

"ጤናህን ነው የጠየቀህ።"

"ደህና ነኝ፣ ጉልበቴን ብቻ ያመኛል በይው።"

"ቢዝነስ" አልኩት ለሙሩጋን። "የጨርቅ ቢዝነስ።" እትዬ አስካለ ሙዛቸውን ቀስ ብለው እየበሉ ነበር። አባቴ እኔን ለአፍታ አየኝና የሙዙን ልጣጭ አጣጥፎ ቅጠሉ ላይ አኖረ።

ረቡዕ ጎህ ሲቀድ በድምፅ ነቃሁ። ከእያንዳንዱ ቤት ጧ፣ ጧ፣ ጧ የሚል የሽመና ድምፅ ይወጣል፤ መንገዱ በሙሉ ይሸምናል። አጠገቤ አልጋ ላይ አባቴ የለም። በረንዳ ላይ ከእትዬ አስካለ ጋር ተቀምጦ አገኘሁት። ከመቼ ጀምሮ እንደተቀመጡ አላውቅም። ሁለቱም እኔን ሲያዩ ዝም አሉ። የአባቴን እግር አየሁ፤ ጣቶቹ ከድምፁ ጋር ይሄዳሉ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። የያዝኩትን ቦርሳ እግሩ ላይ ጣልኩበት።

"ምነው?" አሉ እትዬ አስካለ።

"ትንኝ" አልኩ።

ከሰዓት በፊት ሙሩጋን ቤተ መቅደሱን ሊያሳየን ወሰደን። የበሩ ግንብ ሰማይ ጠቀስ ነው፤ ከላይ እስከ ታች በምስል ተቀርጿል። ግቢው ውስጥ ብዙ ዘመን የኖረ የማንጎ ዛፍ አለ አሉን። ጫማችንን አውልቀን ቆምን፤ ይህስ የለመድነው ነው። እትዬ አስካለ ግን ነጠላቸውን አጣፍተው "እኔ ጣዖት ቤት ውስጥ አልገባም፣ ይቅርታ ይደረግልኝ" አሉ። ሙሩጋንም በሀፍረት አንገቱን ሰብሮ ሃይማኖቱ ያልሆነ ሰው ወደ ውስጠኛው ክፍል እንደማይገባ ሊነግረን ሲጨነቅ ኖሯል። እሳቸው አልገባም ሲሉ፣ እሱ አትገቡም ሲል፣ እንደዚህ ተስማምቶ የተለያየ ሰው አይቼ አላውቅም። በሩ ላይ ቆመን አደነቅን፣ የኮኮናት ውኃ ጠጥተን ተመለስን።

ስንመለስ እትዬ አስካለ አባቴን "አባባ፣ እንደው በንግድ ዓይንዎ፣ አንድ እንዲህ ያለ ሐር ስንት ቀን ይፈጃል?" ብለው ጠየቁት። አባቴም ጢሙን እያሻሸ "እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ምን አውቄ" አለ። እትዬ አስካለ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። አቧራው ነው ብዬ አለፍኩት።

ሁለት ቀን በሙዝ ኖረን ሐሙስ የጾሙን ጉዳይ አብራራሁ። መብላት እንደምንበላ፣ ግን ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተት፣ እርጎ፣ እንቁላል እንደማይገባ ዘረዘርኩ። ሴልቪ በጣቷ እየቆጠረች ሰማች፤ ስጨርስ ረዥም ትንፋሽ ተነፈሰች። በደቡብ ሕንድ ማጀት ውስጥ ቅቤ ያልነካው ድስት መፈለግ ምን ማለት እንደሆነ ያየሁት ያን ቀን ነው። ድስቱን ሁሉ እንደገና አጠበች። የምስሩን ወጥ ለብቻ፣ ሩዙን ለብቻ፣ ከኮኮናት የተፈጨ ማባያ ለብቻ። ተዪው ብንላትም እንግዳ ነው እያለች ከምድጃው አልለይ አለች። የሠራችውን በላን፤ እግዜር ይስጣት፣ ጣት ያስቆረጥማል። አባቴ ሦስቴ አስጨመረ።

ማታ ላይ ሙሩጋን ፊቱ ጠቆረ። ለካ የዚያ አገር ሐር አካሉ አንድ ቀለም፣ ጠርዙ ሌላ ቀለም ነው፤ ሁለቱን ለማያያዝ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ይቀመጣል። አንዱ የአካሉን ክር የያዘውን መወርወሪያ ይወረውራል፣ ሌላው የጠርዙን ይቀበላል። ሁልጊዜ ከጎኑ የምትቀመጠው ሴልቪ ናት። ሴልቪ ደግሞ ለእኛ ጾም ታበስላለች። ዕቃው ላይ ያለው የአንዲት ሙሽራ ልብስ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ዘመዶቿ መጥተው ይወስዳሉ፤ ገና ሁለት ክንድ ይቀረዋል። ይህን ሁሉ የነገረኝ እንደ ወቀሳ አይደለም፣ ስለጠየቅሁት ነው። ለአባቴ ግን አላስተረጎምኩለትም። የሰው ሠርግ ልናበላሽ መሆኑን እያወቅሁ ዝም አልኩ፤ ምን እንደሚያደርግ አውቀዋለሁና።

ዓርብ ሴልቪና እትዬ አስካለ አትክልት ሊገዙ ወጡ። እኔ ፀጉሬን ታጥቤ ስመጣ የሽመናው ክፍል ውስጥ ድምፅ ሰማሁ። ጧ፣ ከዚያ ቀለል ያለ ጧ። የሁለት ሰው ድምፅ ነው። ገባሁ። አባቴ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ከሙሩጋን ጎን ተቀምጧል፤ እግሩ ውስጥ ነው፤ የጠርዙን መወርወሪያ ይቀበላል፣ ይመልሳል። ቋንቋ የላቸውም። ሙሩጋን ራሱን ሲነቀንቅ አባቴ ይገባዋል፤ አባቴ "እህ" ሲል ሙሩጋን ያቆማል። ወርቀ ዘቦው፣ ያ የወርቅ ክር፣ በጣቱ መሃል ሲያልፍ ፊቱ እንዴት እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም። ሜፕልዉድ መስኮት ሥር ተቀምጦ መኪና የሚቆጥረው ሽማግሌ አልነበረም።

"ውጣ" አልኩት። "አባዬ፣ በእናትህ ውጣ፤ ሊመጡ ነው።"

"ክሩ መሃል ላይ ነኝ።"

"ምለህልኛል እኮ!"

"አሽትት ብለሽኛል። አሸተትኩ።"

ወዲያው የበሩ መጋረጃ ተገለጠ። እትዬ አስካለ ጎመን ታቅፈው ቆመዋል። ነጠላዬን አውልቄ አባቴ ላይ ልጥልበት ሞከርኩ፤ ሐሩን እንዳልነካው ፈርቼ ራሴን ሸፈንኩ።

"እትዬ" አልኩ፣ "ጉልበቱን አሞት ነው። ጉድጓዱ ሙቀት አለው፣ ለጉልበት ፍቱን ነው ብለውት…"

እትዬ አስካለ ጎመኑን መሬት ላይ አኖሩ። "አባባ" አሉ፣ "ይደርሳል?"

"ሙሽራዋ ካልወፈረች ይደርሳል" አለ አባቴ፣ ቀና ሳይል።

"ጥሩወርቅ፣ ልጄ፣ ተቀመጪ" አሉኝ ከዚያ። ተቀመጥኩ። ረቡዕ ጎህ ሲቀድ በረንዳው ላይ የአባቴን የእግር ጣቶች አይተው ምን እንደሆነ ጠይቀውት ኖሯል፤ እሱም አንድ ሳያስቀር ነግሯቸዋል። ከዚያ ለእኔ እንዳይነግሩኝ ሁለቱ ተማማሉ። ስለ ሙሽራዋ ልብስም እኔ ያላስተረጎምኩለትን ከሙሩጋን ሰምተው የነገሩት እሳቸው ናቸው። አቧራው፣ ያ "በንግድ ዓይንዎ" የተባለው ጥያቄ፣ ሁሉ ጨዋታ ነበር። እኔ ስንት ሌሊት ሳልተኛ አድሬያለሁ፣ እነሱ ይዝናናሉ።

"ነጋዴ ነው ስትይ ዓይንሽ ይሸሽ ነበር" አሉ እትዬ አስካለ። "እኔ ደግሞ ኮንትሮባንድ ይሆን ብዬ ነበር የፈራሁት። ሸማኔ መሆናቸውን ስሰማ እፎይ አልኩ።"

"ፊታውራሪውስ?" አልኳቸው። አፌ የሚለውን አያውቅም።

"አያቴ የለበሱት ኩታ ገላቸው ላይ በቀለ እንዴ? የሠራው ሰው አለ። ስሙን አልጠየቅነውም፤ ነውሩ የእኛ ነው።" ጎመናቸውን አነሱና "ሽማግሌዎቹ ሲመጡ የአባባን ሥራ ጠይቁ ብዬ የምልካቸው እኔ ነኝ። የምትመልሺላቸው ግን አንቺ ነሽ" አሉኝ።

ያኔ ያፈርኩትን ያህል በዕድሜዬ አፍሬ አላውቅም። አባቴን "አዝነህብኛል?" አልኩት። መወርወሪያውን ተቀበለ፣ መለሰ።

"ስለ ነጋዴው ምንም አላልኩም" አለ። "ያዘንኩት ሰውየው ሥራህ ምንድነው ሲለኝ፣ ጤናህን ነው ያልሽኝ ጊዜ ነው። ያን ቀን ልመልስለት ፈልጌ ነበር።"

ለሙሩጋን የጥያቄውን ትክክለኛ መልስ ያን ጊዜ ነገርኩት። እሱም የአባቴን እግር በአገጩ አመልክቶ "የየትኛው ነጋዴ ጣት ነው እንዲህ የሚሄድ?" አለኝ። ከመጀመሪያው ሰዓት አውቋል። ለካ በዚያ ቤት ምስጢሩን ስጠብቅ የነበርኩት ለብቻዬ ነው።

ልብሱ ዓርብ ማታ አለቀ። ቅዳሜ የሙሽራዋ ዘመዶች መጥተው ጠርዙን በጣታቸው ሲዳብሱ አባቴ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የማያይ መስሎ ያይ ነበር። እሑድ እትዬ አስካለ የካባቸውን ሐር መረጡ፤ መረጡ ማለቴ አባቴ እምቢ፣ እምቢ፣ እምቢ እያለ በስድስተኛው እሺ አለ። ስንሰናበት ሙሩጋን ያን የጠርዙን መወርወሪያ በጨርቅ ጠቅልሎ ለአባቴ ሰጠው። በእጅ ብዛት የወዛ፣ ጫፉ ሹል የሆነ እንጨት ነው። ሴልቪ ደግሞ ለእኔ አንድ ጠርሙስ የነጠረ ቅቤ ሰጠችኝ፤ ለገናችሁ ብላ።

ሰኞ ሚኒያፖሊስ ስንደርስ ጉምሩክ ላይ አስቆሙን። በቅቤው ምክንያት መስሎኝ ነበር። መኮንኑ ግን ከእትዬ አስካለ የእጅ ቦርሳ ያወጣው መወርወሪያውን ነው፤ አባቴ እንዳይሰበርበት ለእሳቸው ሰጥቷቸው ነበር። ሹሉን ጫፍ እያየ "ምንድነው ይሄ? የማን ነው?" አለ። እትዬ አስካለ እንግሊዝኛ ያውቃሉ፤ ሱቅ ሲያስተዳድሩ ስንት ዓመታቸው። ግን ወደ አባቴ ብቻ ጠቆሙ። መኮንኑ አባቴን አየና "ሥራው ምንድነው?" አለኝ።

ሁለቱም ዘወር ብለው እኔን ማየት ጀመሩ።

"አስተርጉሚ እንጂ" አሉ እትዬ አስካለ።

ከኋላችን ሰልፉ ረዥም ነው። ከቤተ ክርስቲያን የማውቃት ሴትዮ እንኳ ትታየኛለች። "ዊቨር" አልኩ። ከፍ አድርጌ ደገምኩት። "ሂ ኢዝ ኤ ዊቨር። ማይ ፋዘር።" መኮንኑ እንጨቱን በመዳፉ ላይ አገላብጦ ለአባቴ በሁለት እጁ መለሰለት፤ በሉ እለፉ አለን።

አባቴ መወርወሪያውን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና "ምን አልሽው?" አለኝ።

"ሸማኔ ነው አልኩት።"

"በእንግሊዝኛ ረዥም ቃል ነው?"

"አይ፣ አጭር ነው።"

"ታዲያ እስካሁን ምን አቆየሽ?" አለኝና ወደ በሩ መራመድ ጀመረ።